የቀለጠው ድሪ

«መሪጌታ፣ ባለ ጌጦቹ እምቢ አሉኝ» አለቻቸው፤ የአገሩን የጥንት የወርቅ ጌጥ ፎቶ እያነሣች መልኩንና ታሪኩን የምትመዘግብ ወጣት። «‹ለሌባ ልታሳይብን ነው?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

መሪጌታም እንዲህ አሏት።

አንድ ባለጸጋ ነበረ። እናቱ የወርቅ ድሪ ነበራት፤ የመንደሩ ልጃገረድ ሁሉ ስትዳር እሱን በአንገቷ ሳታጠልቅ ከቤቷ አትወጣም ነበር። እናቱ አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅም። እሷ ስታርፍ ግን ልጇ ድሪውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ጎረቤቱ ለልጇ ሰርግ ልትዋስ ብትመጣ፣ «የእናቴ መታሰቢያ የሰፈር ዕቃ አይደለም» ብሎ ከደጅ መለሳት። ሰው ካላየው ማን ይሰርቀዋል ብሎም ሐሳቡን ጥሎ ተኛ።

ሌባ ሣጥኑን ሰበረ። እንዳይታወቅበትም ድሪውን አቀለጠው፤ ሲያዝ በእጁ የተገኘው ቅርጽ የሌለው የወርቅ ጓል ነበር። ወርቁ አልጎደለም። ባለጸጋው ግን እናቱ ዳግመኛ የሞተችበት ያህል አለቀሰ።

ጓሉን ይዞ ወደ አንጥረኛ ሮጠ።

«እሠራዋለሁ ጌታዬ፤ መልኩ እንዴት ነበር?» አለው አንጥረኛው።

ሰውየው ስለ ሣጥኑ ቁልፍ ቢጠይቁት እስከ ዝገቱ ይናገር ነበር፤ ድሪውን ግን አንድም ቀን አስተውሎ አላየውም። አፈረ።

ይህን የሰማች ያች ጎረቤቱ ቂሟን ዋጥ አድርጋ መጣች።

«እኔም የተዳርኩት በእሱ ነው» አለች። «ጎንበስ ስል ከከንፈሬ ቀድሞ የአማቴን ጉልበት የሳመው የመሃሉ ፍሬ ነው። ያን ያህል ይወርዳል።»

ሄዳም ሌሎቹን ጠራች። አንዷ መንጠቆው ማጅራቷን የቧጠጣት የት ላይ እንደሆነ አሳየች። ሁለት አሮጊቶች በፍሬዎቹ አሰካክ ተጣሉ። አንጥረኛው በከሰል ይሥላል፣ እነሱ ያርሙታል፣ ደግሞ አጥፍቶ ይሥላል። በኋላ ሁሉም በአንድ አፍ፣ «እሱ ነው!» አሉ።

ድሪው ተሠርቶ ባለጸጋው እጅ ሲገባ፣ «እፎይ፣ እናቴ!» አለ፤ እያለቀሰም ሳቀ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ባለጸጋ እምቢ ያሉሽ ሰዎች ናቸው። ከሌባ የሸሸገ መስሎት ከሚያድኑለት ዓይኖች ሸሸገው። ሌባ ወርቁን ይወስዳል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውን መልክ ግን ከየት አግኝቶ ይወስደዋል? አንቺ የምትመዘግቢውም እንደነዚያ ሴቶች ምስክር ነው። ሂጂና ይህን ንገሪያቸው። ደግሞ ፍጠኚ፤ ያ ሰው የዳነው ሴቶቹ በሕይወት ስለነበሩለት ነው።