አፋፍ ላይ ያለው ሰውና የጎረቤቶቹ ገመድ

ፌቨን የምትጽፈው የሱቅ ፕሮግራም አስቸግሯታል። ሽያጭ የሚመዘግበው የፕሮግራሙ አካል፣ ማለትም ክላሱ፣ ዕቃ ክፍሉንም፣ ደረሰኙንም፣ መልእክት መላኪያውንም በየስማቸው እየጠራ ያዛል። አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር እሱኑ ከፍታ ታርማለች፤ አንዱን ስትነካ ሌላው ይበላሻል። «መምህር፣ ምን ባደርግ ይሻላል?» ብላ ጠየቀች። መምህር ተካበ ወንበራቸውን አዙረው እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ አፋፍ ላይ ስለሆነ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ጎረቤቶቹ ከታች ወንዙ ዳር ይኖራሉ። ሰውየው ደግ ስለነበር ውሃ ባየ ቁጥር ቁልቁል ይሮጣል። የአንዲቱን ሴት ጊደር ይፈታል፣ ሸክላ ሠሪው ያሰጣቸውን ማሰሮዎች ያነሳል፣ የአትክልተኛውን ቦይ ይዘጋል። አዲስ ጎረቤት ሲመጣም «ለእኔም እንዲህ አድርግልኝ» ይለዋል፤ እሱም እሺ ይላል።

አንድ ቀን ሸክላ ሠሪው ማስጫውን ቀየረ፤ ለሰውየው መንገሩን ግን ረሳው። ውሃው በመጣ ጊዜ ሰውየው ማሰሮ ፍለጋ ከጓሮ ጓሮ ሲዞር ተቀደመ። ጊደሯን ውሃ ወሰዳት።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ወደ ሴትዮዋ ሄደ። እርግማን ነበር የጠበቀው። እሷ ግን ጊደሯ ታስራበት የነበረውን ብጣሽ ገመድ እየጠቀለለች፣ «እኔ እኮ ቤት ነበርኩ» አለችው። «ውሃ መጣ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር። ጊደሬን መፍታት አቅቶኝ ነው?»

የሰውየው ዓይን ገመዱ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ደጁ ላይ ግንድ ተከለና ጎረቤቶቹን ሰበሰበ። «ከእንግዲህ ከብት አልፈታም፣ ማሰሮም አላነሳም» አላቸው። «የውሃውን መምጣት ማወቅ የሚፈልግ ገመዱን ከዚህ ግንድ ይሰር፤ ጫፉን ቤቱ ድረስ ወስዶ የሚንኳኳ ነገር ያንጠልጥልበት። ውሃ ሳይ ሁሉንም እጎትታለሁ። ሰፈሩን የሚለቅም ገመዱን ፈትቶ ይሂድ።»

ሸክላ ሠሪው ቅር አለው። «ማሰሮዬ የት እንዳለ እንኳ አትጠይቀኝም?»

«አልጠይቅህም። አንተ ታውቀዋለህ።»

ደራሽ ውሃው ዳግመኛ ሲመጣ ሰውየው ገመዶቹን ተራ በተራ ጎተተ። እግሩ ሩጥ ሩጥ እያለው እንደምንም ባለበት ቆመ። ከታች በሮች ተከፈቱ። ሸክላ ሠሪው ከነቤተሰቡ ማሰሮ ያመላልሳል፤ ሴትዮዋ አዲስ የገዛቻትን ጥጃ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። በቅርቡ የገባ አንድ ጎረቤት የሆነ ነገር በትከሻው ተሸክሞ ይሮጣል፤ ሰውየው ምን እንደሆነ አላወቀም። ውሃው ሲደርስ የሚወስደው ነገር አላገኘም።

መምህር ተካበ ወደ ፌቨን ዞሩ። «የአንቺም ክላስ አፋፍ ላይ እንዳለው ሰው ነው። ‹ሽያጭ ተፈጸመ› ብሎ ይናገር፤ ሥራው እዚያ ላይ ይብቃ። ዕቃ ክፍሉም ደረሰኙም መጥተው የየራሳቸውን ሥራ የሚሠራ ፋንክሽን ከእሱ ጋር ያያይዙ። ጊዜው ሲደርስ ሁሉንም ይጥራቸው፤ ምን እንደሚሠሩ ግን አይጠይቅ። ነገ ሌላ ክፍል ብትጨምሪ ይህን ክላስ መክፈት አያስፈልግሽም። አንቺ ግንዱን ትከዪ፤ ገመዱን ፈላጊው ራሱ ያስረዋል።»