የአዋጁ ብራና ጠባቂ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት መሬትን በጥርስ መካፈል ትተው በአዋጅ መካፈል በጀመሩበት ዘመን፣ አንበሳ ከዋሻው እስከ ትልቁ ወንዝ የሚደርስ ሰፊ መንገድ አማረው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ወደ ውሃ የሚወርደው በየፊናው፣ እሾህ እየወጋው፣ ገደል እየዘለለ ነበር። አንበሳ ግን አርጅቷል። የፊት ጉልበቱ አብጦ ገደል መዝለል አቅቶታል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ጸሐፊዋን ቀበሮን አስጠርቶ፣

«ለሕዝብ ጥቅም የሚውል መንገድ ያስፈልገናል» አላት።

ቀበሮም በፍየል ብራና ላይ አዋጁን ጻፈች። አንደኛው አንቀጽ፣ ለመንገዱ የሚያስፈልግ መሬት ሁሉ ለሕዝብ ጥቅም ይወሰዳል ይላል። ሁለተኛው፣ መንገዱ የሚያልፈው የቀበሮ ችካል በተተከለበት ነው፤ ችካል የነቀለ ይቀጣል ይላል። አንበሳ ሁለቱን ሰምቶ ጥቂት አሰበ። አራዊቱ እንዳያጉረመርሙ ሰጋ። ስለዚህ ሦስተኛውን ራሱ አስጻፈ፦ «መሬቱ የሚወሰድበት ሁሉ፣ ውሃ ያለበት ምትክ ቦታ በዓይኑ አይቶ ሳይረከብ ከቦታው አይነሣም።»

ቀበሮ ጻፈችው። ደስ ግን አላላትም። ለእያንዳንዱ ውሃ ያለበት ቦታ ሲፈለግ መንገዱ ስንት ክረምት እንደሚፈጅ ታውቃለችና።

በማግስቱ ከመሰብሰቢያው ሾላ ሥር ነጋሪት ተጎሰመ። አራዊት ተሰበሰቡ። ጅብም ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ፣ ዓይኑን ከነጋሪቱ ቆዳ ላይ ሳይነቅል ምራቁን እየዋጠ ተቀመጠ።

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለች ቀበሮ፤ ሦስቱንም አንቀጽ ከላይ እስከ ታች አነበበች።

ጦጣ ከቅርንጫፏ ላይ ሆና፣ «እመት ቀበሮ፣ መንገዱ በእኔ ዛፍ ሥር ያልፋል?» ብላ ጠየቀች።

«አያልፍም።»

«እንግዲያው ጥሩ አዋጅ ነው» አለችና የልጇን ቅማል መልቀም ጀመረች።

ከርከሮም ስለ ጉድጓዱ ጠየቀ፤ መንገዱ እንደማይነካው ሲነገረው ሌላ ነገር ሳይጠብቅ ሥር ሊቆፍር ሄደ። ሌሎቹም እንደዚያው እየጠየቁ እንደዚያው ተበተኑ። ከሾላው ሥር ጆሮዋን አቁማ የቀረችው አህያ ብቻ ነበረች። የእሷ መስክ ከአንበሳ ዋሻና ከወንዙ መሐል ነው። በመስኩ ላይ በበጋ የማይደርቅ ምንጭ አለ። ልትወልድም ሁለት ወር ቀርቷታል።

«እመት ቀበሮ፣ ሦስተኛውን እስቲ ድገሚልኝ» አለች።

ቀበሮ ደገመችላት። አህያ ማንበብ አትችልም። እናም ቃሉን በከንፈሯ እያላመጠች፣ አንድም ሳታስቀር በልቧ ያዘችው።

አንበሳ እያዛጋ፣ «ብራናውን ማን ይጠብቀው?» አለ።

«አያ ጅቦ ይጠብቀው» አለች ቀበሮ።

«ጅብ? ቁርበት አሳይተሽው ሊያድር?»

«ጌታዬ፣ ከእሱ ደጃፍ ማን ደፍሮ ይደርሳል? የሚፈራ ጠባቂ ነው የሚያስፈልገን።»

አንበሳ እንቅልፍ ተጭኖት ነበር፤ እሺ አለ። ጅብ ግን ጆሮውን ማመን አቃተው። «እኔ? ሹመት? ለእኔ?» እያለ ሦስት ጊዜ ዞረ። ቀበሮ ብራናውን ስታስረክበው ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣

«አያ ጅቦ፣ አደራህን ከላይ ያለውን ማኅተም። እሱ ከተነካ አንገትህ ይሄዳል። ታች ጫፉ እንኳ ያን ያህል አይደለም» አለችው።

ጅብ ብራናውን ዋሻው ውስጥ አንጠለጠለው። የመጀመሪያውን ቀን ሽታውን ብቻ እየማገ ዋለ። ሁለተኛውን ቀን ላሰው። በሦስተኛው ቀን፣ «ጠርዙን ብቻ» አለና ከታች ቆረጠም አደረገ። ጠርዙ ካለቀ በኋላ አዲስ ጠርዝ ወጣ። «ይኼም ጠርዝ ነው» አለና ቀጠለ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ማኅተሙ ወደ አፍንጫው ቀረበና አንገቱ ትዝ አለው። አቆመ። ከንፈሩንም ልሶ ተኛ።

ቀበሮ ጸሐፊም ቀያሽም ነበረች። ችካሎቿን በከርከሮች አሸክማ ከአንበሳ ዋሻ ጀምራ እየተከለች ወረደች። በስምንተኛው ቀን ከአህያ መስክ ደረሰች። አንዱ ችካል ከምንጩ አጠገብ ተተከለ።

አህያ ከችካሉ ፊት ቆመች። ሆዷ ከብዷል። «መንገዱን አልቃወምም» አለች። «እኔም እሄድበታለሁ። ግን ምትኩን አሳዩኝ። ውሃውን ልቅመሰው፤ ከዚያ በራሴ እግር እነሣለሁ።»

«የምን ምትክ?»

«የሦስተኛው አንቀጽ።»

«ብራናው ይታይ» አለች ቀበሮ። ጅብም ብራናውን በአፉ ይዞ መጣ። ሲዘረጋ ማኅተሙና ሁለት አንቀጽ ብቻ አለ። ከሥር የተቦጨቀ፣ የረጠበ ጠርዝ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች አህያ።

«ምስጥ» አለ ጅብ።

«እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ምስጥ?»

«የእኛ ሰፈር ምስጥ ትልቅ ነው።»

አህያ ወደ ቀበሮ ዞረች። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው! ሁለት ጊዜም አንብበሽልኛል!»

«እቴ፣ ስንቱን እጽፋለሁ፤ ስንቱንስ አነባለሁ። እኔ የማውቀው እዚህ ያለውን ነው።»

አህያ ወደ አንበሳ ሄዳ ጮኸች። አንበሳም ከሾላው ሥር ተቀምጦ የቆየውን ሥርዓት ተናገረ፦ ጽሑፍ ሲጠፋ የሰማ ይመሰክራል፤ ባለጉዳይ ግን ለራሱ ምስክር አይሆንም።

«በዕለቱ እዚህ ነበራችሁ» አለቻቸው አህያ አራዊቱን። «የሰማ ላልሰማ ያሰማ አልተባለም?»

ጦጣ የልጇን ጭንቅላት ማየት ጀመረች። «እኔ የሰማሁት እስከ ዛፌ ድረስ ነው» አለች። ከርከሮ፣ «ሥር እየቆፈርኩ ነበር» አለ። ሌሎቹ ዝም አሉ።

«ጌታዬ» አለች አህያ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስጻፉት።»

አንበሳ ቁልቁል ወደ ተጠረገው መንገድ አየ። ወንዙ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ጉልበቱ ጠዘጠዘው።

«እኔ ዳኛ ነኝ» አለ። «ዳኛ ምስክር አይሆንም።»

አህያ ወደ ድንጋያማው ኮረብታ ተላከች። እዚያ ከድንጋይና ከቁልቋል በስተቀር ምንም የለም። ውሃ ለመጠጣት ግማሽ ቀን መውረድ፣ ግማሽ ቀን መውጣት ነው። ወለደች። ውርንጭላው እግሩ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሆነ። የእናቱ ኮቴ በድንጋይ ተሰነጣጠቀ፤ ወተቷም እያደር አነሰ። እሷ ግን አንቀጹን በየቀኑ ለራሷ ትለው ነበር። አንድ ቀን ማኅተም የያዘ ባለሥልጣን ቢጠይቀኝ ብላ።

መንገዱ ከወንዙ ደረሰ። ነገር ግን ዳርቻው ጭቃ ሆነና አንበሳን አስቸገረው። ደረቅ ዳርቻ ያለው መልካ የጅብ ዋሻ ካለበት ሸንተረር ማዶ ነው። ቀበሮ እንደገና ችካሎቿን አሸከመች።

አንድ ጠዋት ጅብ ከዋሻው ሲወጣ ደጃፉ ላይ ችካል ቆሞ አገኘ። በጥርሱ ነቅሎ እየሮጠ ቀበሮን ደረሰባትና እግሯ ሥር አኖረላት።

«እመት ቀበሮ፣ ችካልሽን ረስተሽ ሄደሽ ነበር።»

«አልረሳሁም አያ ጅቦ። መልሰህ ትከላት።»

«ቤቴ እኮ ነው! ግልገሎቼ ገና ዓይናቸው አልተገለጠም!»

«ብራናው አንተው ዘንድ ነው። የሚጠቅምህ አንቀጽ ካለ አምጣና እናንብበው።»

ጅብ ብራናውን አመጣ። ገለበጠው። ጀርባውንም አየ። «ከታች አንድ ነገር ነበረ» አለ።

«ምን የሚል?»

«ጣዕሙ ትዝ ይለኛል። ቃሉ ግን አልመጣልኝ አለ።»

አንበሳም ያንኑ ሥርዓት ደገመ። «የሰማ ምስክር ካለህ ነገ ቀትር ላይ ይዘህ ቅረብ። ምስክር ከተገኘ አንቀጹ ይጻፋል። ከተጻፈም ለሁሉ ነው።» ጅብ አራዊቱን አንድ በአንድ ለመነ። ሁሉም እስከ ዛፋቸው፣ እስከ ጉድጓዳቸው ድረስ ብቻ ነው የሰሙት። በመጨረሻ አህያ ትዝ አለችው። እህል ሳይቀምስ ኮረብታውን መውጣት ጀመረ።

አህያ ሽታውን ከሩቅ አውቃ ውርንጭላዋን ከኋላዋ አደረገች።

«አትፍሪ እትዬ፣ ለጉዳይ ነው የመጣሁት» አለ ጅብ እያለከለከ፤ የሆነውንም ሁሉ ነገራት።

«አንተ ነህ የበላኸው» አለችው።

«ጠርዙን ብቻ ነው።»

«ያ ጠርዝ የእኔ ምንጭ ነበር።»

አህያ ነገሩን አሰላች። ለራሷ ልትመሰክር አልቻለችም፤ ለእሱ ግን ትችላለች። አንቀጹ ብራናው ላይ ከተመለሰ ደግሞ ምንጩ ይመለሳል። ውርንጭላዋን አየችው። ከሁለት ቀን በላይ ውሃ ሳያገኝ የሚቆይ አይመስልም።

«ማል» አለችው።

«አንበሳ ይሙት! አንበሳ ይሙት አልነካሽም!»

«ከፊት ከፊት ትሄዳለህ።»

«እሄዳለሁ።»

ሌሊቱን ኮረብታው ላይ አሳለፉ። ማለዳ ውርንጭላዋን ጥላ ካለው አለት ሥር አስተኛችው። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል። ስመለስ ውሃ ወዳለበት እንሄዳለን» አለችው።

ኮረብታውን ወረዱ። አዲሱ መንገድ ላይ ወጡ። ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ማንም አይሄድበትም። አህያ እየሄደች አንቀጹን አስጠናችው።

«በል፤ መሬቱ የሚወሰድበት ሁሉ…»

«መሬቱ የሚወሰድበት ሁሉ…»

«ውሃ ያለበት ምትክ ቦታ…»

«ሥጋ ያለበት ምትክ ቦታ…»

«ውሃ!»

«አዎ፣ ውሃ።»

ፀሐይ በረታች። ጠጠሩ በአህያዋ በተሰነጠቀ ኮቴ ውስጥ ገባ፤ ደም በመንገዱ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ነፋሱ ከኋላ ይነፍስ ነበር። ጅብ አንድ ጊዜ ዞር አለ። ሁለተኛም ዞር አለ። ጥቂት ቆይቶ እርምጃውን አዘገየ።

«እትዬ፣ አንቺ ቅደሚ» አለ።

«ለምን?»

«ጠረኑ አላስኬደኝም።»

አህያ ቆመች። የሾላው ራስ ከሩቅ ይታያል፤ ከሥሩ የተሰበሰቡት አራዊትም ይታያሉ።

«አያ ጅቦ፣ ማልክ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ያለ እኔ ቤትህም የለም።»

«አውቃለሁ እትዬ፣ አውቃለሁ» አለ ጅብ። ድምፁ የሚያለቅስ ይመስላል፤ አፉ ግን ውሃ ሞልቷል። «ጆሮሽን… ጠርዙን ብቻ።»

ቀትር ላይ ጅብ ብቻውን ከሾላው ሥር ደረሰ። አፉ እስከ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምስክርህስ?» አለ አንበሳ።

«መጥታለች።»

«የት አለች?»

ጅብ ሆዱን አየ። «እዚህ።»

ማንም አልሳቀም። ቀበሮ ብዕሯን በቀለም ነክራ፣ «እንግዲያው ትናገር» አለች።

ጅብ አፉን ከፈተ። «መሬቱ የሚወሰድበት ሁሉ…» አለ፤ «ሁሉ…» ከዚያ በኋላ የወጣው ግሳት ነበር።

«ደግሞስ ባለጉዳይ ለራሱ ምስክር አይሆንም» አለች ቀበሮ ብዕሯን እየጠረገች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የጅብ ዋሻ ተናደ። ግልገሎቹም ዓይናቸው ሳይገለጥ ሜዳ ላይ ቀሩ። በኮረብታው ላይ ውርንጭላው እንደታዘዘው ከአለቱ ሥር ንቅንቅ አላለም፤ በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም ቀን አልተነሣም። በአምስተኛው ቀን ጦጣ ከእንቅልፏ ነቅታ ቁልቁል ስታይ፣ ከዛፏ ሥር አዲስ ችካል ቆሞ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላው መብት የተጻፈበትን መስመር የበላም ሆነ ሲበላ እያየ ዝም ያለ፣ ተራው ሲደርስ የሚያነበው አንቀጽም ሆነ የሚጠራው ምስክር እንደማያገኝ ነው።