ሁለቱንም እሺ ያለው ዘንግ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ሳቅ የፈለገ ግን ከአሁኑ ይነሳና ይሂድ፤ የዛሬው ተረቴ ሳቅ የለውም። የምትቀሩት ቀረብ በሉ። «ንገረን» በሉኝና ልጀምር። አላችሁ? ደግ።

ድሮ ድሮ፣ ብረትና ጎማ እንደ ሰው በሚነጋገሩበት ዘመን፣ በአንድ የቆላ መንደር ሻረው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ሻረው አንዲት ሞተር ሳይክል ነበረችው። ገበያውም፣ ወፍጮውም፣ ጤና ጣቢያውም ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ የመንደሩ ሰው ሁሉ በሻረው ሞተር ነው የሚወጣው። ሕጉ ከነጂው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ጫን ይላል። በዚያ መንደር ግን አንድ ሰው ብቻ ጭኖ መሄድ ነውር ነው፤ «ቦታ እያለው ጥሎኝ ሄደ» ያስብላል። ስለዚህ ሻረው ሁለት ሰው ከኋላው፣ አንድ ጆንያ እህል ከፊቱ አድርጎ ይወጣል። ትራፊክ ሲያይ አንዱን ያወርድና አልፎ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

በዚህች ሞተር የኋላ ክፍል ሦስት ጎረቤቶች ይኖሩ ነበር። አንዷ ካቴና ናት፤ ከፊት የሚመጣውን ጉልበት ተቀብላ ለኋላ ጎማ የምታደርስ፣ ቀኑን ሙሉ ስትዞር የምትውል ሠራተኛ። ሁለተኛው ራሱ ጎማው ነው። ሦስተኛው ዘንግ ነው። ዘንግ በጎማው መሀል አልፎ፣ ጎማውን ግራና ቀኝ ካቀፈው የብረት ሹካ ጋር ያያይዘዋል። በሹካው ጫፍ ባለች ጠባብ ሽንቁር ውስጥ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ መንሸራተት ይችላል። ወደ ኋላ ሲሄድ ካቴና ትወጠራለች፤ ወደ ፊት ሲመጣ ትረግባለች። ይህን ያዙልኝ። የዛሬው መከራ ሁሉ የመጣው ከዚህች ጣት ከማትሞላ ቦታ ነው።

ዘንግ ደግ ነበር። ጠብ አይወድም። ማንም ምንም ቢለው መልሱ «እሺ» ነው። ጎረቤቶቹ «ወርቅ የሆነ!» ይሉታል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ወርቅ እፈራዋለሁ።

አንድ ቀን የድሮው ቀጭን ጎማ አለቀ። ሻረው ገበያ ወጣና የትልቅ ሞተር ጎማ፣ ወፍራም፣ ደረቱን የነፋ ጎማ ተሸክሞ መጣ። ሚስቱ ይርገዱ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አየችው።

«ሻረው፣ ይኼ ነገር አልበዛም? ለሷ ልክ ይሆናል ብለህ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ወፍራም ሲሆን ነው ጭነት የሚችለው። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ነው ያየኝ።»

«ሰው ቢያይህ ጎማው አይጠብም» አለች ይርገዱ። ሻረው ግን ሰው ዞሮ ያየውን ነገር የሚመልስ ዓይነት አልነበረም።

አዲሱ ጎማ ገባ። ገባና ተንጠራራ። ሲንጠራራ ፊቱ ከሹካው ግንድ ጋር ተላተመ። ሞተሯ ስትነሳ ሸር፣ ሸር፣ ሸር ማለት ጀመረ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ።

«ጋሼ ዘንግ! ስሞትልህ ትንሽ ወደ ኋላ በልልኝ፤ ፊቴ ተላጠ!» ሲል ጮኸ ጎማ።

«እሺ» አለ ዘንግ።

ሻረውም ሽታው ደርሶት ስለነበር ቁልፉን አውጥቶ የዘንግን ጫፍ ይዛ የምታጠብቀውን ዳዶ ፈታ፤ ዘንግን እስከ ሽንቁሩ መጨረሻ ወደ ኋላ ጎተተና መልሶ አጠበቀ። ጎማ እፎይ አለ። ካቴና ግን ሲጥ አለች።

«ወንድሜ ዘንግ፣ ምነው? ምን በደልኩህ?» አለችው። «ድሮ ሁለት ጣት ያህል ረገብ እል ነበር። ያቺ መርገብ ስንፍና እንዳትመስልህ፤ መተንፈሻዬ ናት። ሰው ሲጫንብን ሹካው ዝቅ ይላል፣ እኔም የበለጠ እወጠራለሁ። ባዷችንን እንዲህ ከገተርከኝ፣ ሦስት ሰው ሲወጣብን ምን ልሆን ነው? ትንሽ ወደ ፊት ና።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ዘንግ።

ግን እንዴት ይምጣ? ዳዶዋ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። ጠጋ አለና አንሾካሾከላት።

«እህቴ ዳዶ፣ ትንሽ ላላ በይልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እንዳጠብቅ ነው የተቀመጥኩት።»

«ትንሽ ብቻ። ማንም አያይም።»

ኮረኮንቹ ላይ ሞተሯ ስትንገጫገጭ ዳዶ ትንሽ ላላች። ዘንግም ወደ ፊት ተንሸራተተ። የተንሸራተተው ግን በካቴና በኩል ብቻ ነበር፤ በዚያኛው በኩል እንደቆመ ቀረ። ጎማው ተንጋደደ።

«ጎኔን! ጎኔን በላኝ!» አለ ጎማ።

«እሺ፣ አስተካክላለሁ» አለ ዘንግ።

«እኔም አንገቴ ተጣመመ፤ ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ጥርስ ላይ በጎን ነው የምወጣው!» አለች ካቴና።

«እሺ፣ አስተካክላለሁ» አለ ዘንግ።

አላስተካከለም። በየት በኩል ያስተካክል? ለአንዱ የሰጠውን ከሌላው ነው የሚወስደው። ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አፍ አውጥቶ ቢላቸው ኖሮ ይህ ተረት እዚህ ላይ አልቆ፣ እናንተም በጊዜ በተኛችሁ። እሱ ግን ሁለቱም የሚኮርፉት መሰለው።

ሻረው ሞተሯ ወደ አንድ ጎን ስትጎትተው ጊዜ ዳገቱ ላይ ወዳለው መካኒክ፣ ወደ ጋሽ ዋለልኝ ሊወስዳት ተነሳ። ጋሽ ዋለልኝ ወሬ የማያበዙ፣ ጥፍራቸው ከዘይት ጠርቶ የማያውቅ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ዘመን መካኒክ ብረትን ጠይቆ መልስ ያገኝ ነበር።

ሻረው ከመሄዱ በፊት ወንዝ ዳር ቆመ። ጎማው ሹካውን የፋቀበትን ቦታ አየና ግራሶውን፣ የሞተር ቅባቱን ለቀለቀበት። አፈረ። «የማይሆን ጎማ አስገባህ» እንዳይሉት አፈረ።

ካቴናም እንደ ጌታዋ ሆነች። «ወንድሜ ዘንግ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንዷ አንጓዬ ተሰንጥቃለች። ካዩብኝ አውጥተው ቁርጥራጭ ብረት መሀል ይጥሉኛል። በግራሶው ሸፍኛታለሁ። እንዳትናገርብኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ጎማም «ጋሼ፣ ጎኔ ተልጦ ክሩ ወጥቷል፤ ጭቃ መርጌበታለሁ። አደራህን» አለ።

«እሺ።»

ጋሽ ዋለልኝ ሞተሯን አቆሙ። ጎማውን አሽከረከሩ። ጣታቸውን በካቴናዋ ሥር አስገብተው ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሻረው ዞሩ።

«ስንት ሰው ትጭናለህ?»

ሻረው ዳገቱን አየ፤ ጫማውን አየ። «አንድ ነው ጋሼ።»

«ጭነትስ?»

«ኧረ ምን ጭነት አለብኝ!»

«ይኼ ጎማ የዚህች ሞተር አይደለም፣ ልጄ። ወደ ኋላ ሲሉት ካቴናዋን ይገትራል፤ ወደ ፊት ሲሉት ሹካውን ይበላል። ልኳን አስገባላት። እምቢ ካልክ እንኳ ካቴናዋን ቀይሬ በአንድ ሁለት አንጓ ላስረዝማት። ተዋት፣ ነገ ማታ ውሰዳት።»

«አይሆንም ጋሼ፣ ይርገዱ ልትወልድ ደርሳለች። ሞተሯ ከቤት መጥፋት የለባትም። ለጊዜው እንዳለች ያስተካክሉልኝ።»

ሽማግሌው አሰቡ። «ለአንድ ሰው ከሆነ ትሄዳለች» አሉ። ዘንግን በሁለቱም በኩል እኩል አድርገው አቃኑት፤ መሀል ላይ አቆሙትና ዳዶዋን አጠበቁ። በጎማውና በሹካው መሀል ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ቀረች። ሲጨርሱ ጆሯቸውን ወደ ዘንግ አስጠጉ።

«አንተ መሀል ያለኸው፣ ሁሉን ታያለህ። የደበቃችሁኝ ነገር አለ?»

ዘንግ ካቴናን አየ። ካቴና አንገቷን ደፋች። ጎማን አየ። ጎማ ወደ መሬት አየ። ሻረው ደግሞ የሞተሯን ቁልፍ በእጁ ያገላብጣል።

«ደህና ነን፣ ጋሼ» አለ ዘንግ።

ሽማግሌው አመኑት። ለምን አያምኑት? ሰፈሩ ሁሉ ወርቅ የሚለው ነው።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ይርገዱን ምጥ ያዛት። ልጁ አመጣጡ ደግ አልነበረም፤ አዋላጇ ሴትዮ ነካክታ አየቻትና «ይኼ የኔ አይደለም፣ ጤና ጣቢያ አድርሷት» አለች። ምጥ የያዛት ሴት በሞተር እንዴት እንደምትሄድ ታውቃላችሁ፤ ብቻዋን አትቀመጥም። ሻረው ከፊት ሆነ፣ ይርገዱ መሀል ተቀመጠች፣ እናቷ ወይዘሮ ብዙአየሁ ከኋላ ሆነው ወገቧን አቀፏት። ሞተሯ ዳገቱን ተያያዘችው።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ካቴና «ተገተርኩ! ወንድሜ፣ ወደ ፊት ና!» አለች።

«እሺ» አለ ዘንግ።

ጎማም «አትምጣ! ንቅንቅ እንዳትል፣ ፊቴ እየነደደ ነው!» አለ።

«እሺ» አለ ዘንግ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወይዘሮ ብዙአየሁ አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

«ልጄ፣ ምንድነው የሚሸተው?»

«ምንም አይደለም እማዬ፣ መንገዱ ነው።»

መንገዱ እንዳልሆነ ሻረው ያውቃል። ዘንግም ያውቃል። «ልናገር ይሆን?» ሲል አሰበ። «አሁን ብናገር ቆመው ሰው ይጠሩ ነበር፤ ከዚህ እንኳ በሸክም ይደርሳሉ። ግን ያን ቀን ደህና ነን ብዬ፣ ዛሬ በምን አፌ?» እንዲህ ሲል ሲያስብ መታጠፊያው አለፈ።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ካቴና ጧ! ብላ ተበጠሰች። የተበጠሰችው ካቴና በጎማውና በሹካው መሀል ተጠቅልላ ገባች። ቦታ ቢኖር ኖሮ ሾልካ መንገዱ ላይ በወደቀች፤ ቦታ ግን አልነበረም። ጎማው መዞር አቅቶት ደረቀ። ሞተሯ መንገዱ ዳር ወዳለው ገደል አፋፍ ተንሸራተተች፤ ሻረው በእግሩ ተቋቁሞ አቆማት። የወደቀ ሰው የለም። የደማም የለም። «ተመስገን» አሉ ወይዘሮ ብዙአየሁ። ይርገዱ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ አፈሩን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር።

ሻረው እሪ አለ። ከማሳቸው ሰዎች ሮጠው መጡ። እንጨት ተቆረጠ፣ ቃሬዛ ታሰረ፣ አራት አራት ሰው እየተቀባበለ ተሸከማት። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ አለፈችም። ከጤና ጣቢያው በር ሲደርሱ ልጅቱ ተወልዳ ነበር። ሴት ናት። አላለቀሰችም። ነርሷ ተቀብላ አገላበጠቻት፣ አሸቻት፣ እፍ አለችባት። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ...» ብላ ቀሪውን ዋጠችው።

ይርገዱ ተረፈች፤ መትረፍ ከተባለ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዋለልኝ ሞተሯን ሊያነሱ ወረዱ። ሻረውን መንገዱ ዳር ቆሞ አገኙት። እግዚአብሔር ያጽናህ አሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጎማውን፣ ሹካውን አዩ።

«አንድ ሰው አይደለም ይህን ያደረገው» አሉ።

«አራት ነበርን፣ ጋሼ» አለ ሻረው። ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። «እኔ፣ ይርገዱ፣ እናቷ...» አራተኛዋን መቁጠር አቃተው።

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ያን ቀን እውነቱን ብትነግረኝ ሞተሯን አልለቅልህም ነበር።»

«አፈርኩ፣ ጋሼ።»

«እኔ ትራፊክ አይደለሁም እኮ፣ ልጄ። መካኒክ ነኝ።»

የተበጠሰችውን ካቴና አንስተው አዩ። የተሰነጠቀው ውስጡ ዝጎ ቀልቷል፤ የቆየ ስንጥቅ ነው። ዘንግን አወጡት። አልተጣመመም። አልተቧጨረም። ከሁሉም ያለ አንድ እንከን የተረፈው እሱ ብቻ ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አሉት።

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እንዳይጣሉ ብዬ። እንዳይከፋቸው ብዬ።»

ጋሽ ዋለልኝ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ጠረጉትና ከሌሎች ብሎኖች ጋር ጣሳ ውስጥ ጣሉት። ጎማው ተቆራርጦ በረባሶ ሆነ። ካቴናዋ ከቁርጥራጭ ብረት መሀል ወደቀች፤ የፈራችው አልቀረላትም። ዘንግም ከጣሳው ሆኖ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ «አውቅ ነበር፣ አውቅ ነበር» ይላል አሉ። አሁን ማን ይሰማዋል?

ይርገዱ ለልጇ ስም አስባ ነበር። ስሙን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም፤ ሻረውም አልጠየቃትም።

እንግዲህ የኔ ቃል ይኸው ነው። ሊጠግንላችሁ፣ ሊያክማችሁ የቆመ ሰው ሲጠይቃችሁ፣ እያፈራችሁም ቢሆን ያለውን ሁሉ ንገሩት፤ የሚያውቀውን ያህል እንጂ አብልጦ ሊረዳችሁ አይችልም። መሀል ቆማችሁ ሁሉን የምታዩ ደግሞ ማንንም እንዳታስከፉ ብላችሁ ለሁሉም እሺ አትበሉ። የሰው ኩርፊያ ያልፋል። ያቺ ልጅ ግን አልመጣችም። ተረቴን ጨረስኩ፤ ሂዱ፣ ተኙ።