ያልተመለሰው ሽምብራ

አንድ የጎተራ ሹም ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም ሰናይት፤ አስቀድመሽ ይህን ስሚኝ።

ሰውዬው እኔ በተወለድሁበት መንደር የክፉ ቀን እህል የሚጠብቅ ደግ ሰው ነበር። ጎተራው የሚከፈተው አብዛኛው ቤት ሲራብ ብቻ ነው፤ ያለጊዜው ከተከፈተ ዘር አይተርፍም። አንድ ዓመት አዝመራው ሳሳ። ሹሙ በሰው ፊት «ተራብሁ» ማለት እንደሚያሳፍር ያውቃልና ዘዴ ፈጠረ። ለየቤቱ አንድ ጭብጥ ባቄላና አንድ ጭብጥ ሽምብራ ላከ። «የሚበላው ያለው ባቄላውን፣ የተራበ ሽምብራውን ይመልስ። ጎተራው ደጅ ካስቀመጥሁት እንስራ ውስጥ ይጨምረው፤ ማንም አያየውም» አለ።

በሳምንቱ እንስራውን ሲገለብጠው ባቄላ በባቄላ ሆነ። ሽምብራው ከሁለት ጭብጥ አያልፍም። «ተመስገን፣ አገሩ ጠግቧል» ብሎ ቁልፉን መልሶ ወገቡ ላይ አሰረ።

ሚስቱ አፏን የማትይዝ ሴት ነበረች። «ለሰማንያ ቤት ልከህ የመለሰልህ ሠላሳ ነው። ሃምሳው የት ገባ?» አለችው።

«ሥራ ይዟቸው ይሆናል» አላት። ነገሩ ግን አልዋጥለት አለ። ዱላውን ይዞ ወጣና ጭስ የማይታይበትን አንድ ቤት አንኳኳ።

ያ ቤት የእኛ ነበር። ምድጃው ዳር የሽምብራ ገለፈት ተበትኗል። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ «ጌታዬ፣ ሽምብራውን ልመልስ ብዬ ነበር። ልጆቹ ሲያለቅሱብኝ ሁለቱንም ቆልቼ አበላኋቸው። ይቅር ይበሉኝ» አለችው።

ሰውዬው መደቡ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በማግስቱ ጎተራው ተከፈተ።

ከዚያ ወዲያ እንስራ አላስቀመጠም። በየዓመቱ በእግሩ ይዞር ነበር፤ መጀመሪያ የሚሄደውም ጭስ ወደማይታይበት ቤት ነው። ዱላው ደጃችን ላይ ኳ ሲል የሚሰማኝ ደስታ ዛሬም ይናፍቀኛል። ዛሬ ጎተራውም፣ እሱም፣ እናቴም የሉም። የዚያ ቆሎ ጣዕም ግን እስካሁን አፌ ላይ አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ «ለአንድ ሺህ ቤት ደውዬ ሦስት መቶው መለሱልኝ፤ አብዛኞቹም መብራት አይቸግረንም አሉ። ይህ ለሪፖርቴ አይበቃም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሦስት መቶዎቹ አልዋሹሽም፤ ባቄላቸውን መልሰዋል። ሰባት መቶውን ግን ስልኩ ዝግ ነው ብለሽ ተውሽው። መብራት የሌለው ሰው ስልኩን በምን ይሞላል? ተነሺና ደጃቸው ድረስ ሂጂ።