ከጉብታው ላይ ሰላምታ

ስሙኝማ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቁም፤ ጆሮው የደከመው ጠጋ ይበል።

ድሮ ድሮ፣ እንጨት ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት፣ አውሬም ከሥራው ሲያረፍድ ምክንያት በሚደረድርበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንድ ግድብ ነበረ።

ከግድቡ በላይ ያለው መስክ የትላልቆቹ ነው። ጎሽ እዚያ ይግጣል፤ ዝሆን እዚያ ያርፋል። ከግድቡ በታች ያለው ሣር ደግሞ የትንንሾቹ ነው፤ የጅግራው፣ የጥንቸሉ፣ የአይጡ። መሬቱን ማን እንዳከፋፈለው የሚያስታውስ የለም። ሲከፋፈል ትንንሾቹ እንዳልነበሩ ግን ያስታውቃል።

የግድቡ በር አንዲት አሮጊት የወይራ ሳንቃ ነበረች። ጠባቂዋ አያ ዝንጀሮ ነው። ደንቡም አጭር ነው፦ ጠባቂው በየማለዳው ከግድቡ አጠገብ ካለው ጉብታ ይወርዳል፤ ሳንቃዋን ከላይ እስከ ታች በእጁ ይዳስሳል፤ ስንጥቅ ካገኘ ጭቃ ይመርግበታል፤ ጭቃ ካልበቃው ጮኾ ሁሉንም ይጠራል። ዝንጀሮ ለዚህ ሥራ የተመረጠው እጅ ስላለው ነበር።

አያ ዝንጀሮ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ሰላምተኛ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በየማለዳው ወረደ፤ ዳሰሰ። በሁለተኛው ዓመት ቁልቁለቱ ጤዛ በዛበትና በየሦስት ቀኑ ወረደ። በሦስተኛው ዓመት ጉብታው ላይ ቆሞ መጣራት ጀመረ።

«እመት ሳንቃ! እንዴት አደርሽ?»

«እግዜር ይመስገን!» ትላለች ሳንቃዋ ከታች።

«ደህና ነሽ?»

«እግዜር ይመስገን!»

እሱም የጠባቂነት በትሩን መሬት ላይ ሦስት ጊዜ ይመታና ጉብታው ላይ ወዳለው ሾላ ጥላ ይመለሳል።

«አልዳሰስናትም እኮ» ይለዋል በትሩ።

«ድምፅዋን አልሰማህም? ደህና ናት» ይለዋል ዝንጀሮ።

በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሳንቃዋ ለሁለት ተሰበረች። ውሃው ማንንም ሳያስጠነቅቅ ወረደ።

ከሣሩ መካከል እመት ጅግራ የምትባል እናት ነበረች። ሰባት ጫጩቶች ነበሯት። ውሃው ሲያልፍ አንዲት ብቻ ቀረቻት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለጫጩቶቿ ስም አላወጣችም ነበር። የቀረችውን ግን ትርፌ አለቻት።

ስድስቱን ስትፈልግ ውላ፣ ጭቃው ውስጥ የሳንቃዋን ግማሽ አገኘች።

«እመት ሳንቃ፣ መሰንጠቅሽን አታውቂም ነበር?»

«ከግንቦት ጀምሮ አውቃለሁ» አለች ሳንቃዋ።

«ታዲያ ምነው አልተናገርሽ?»

«ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ሲሉኝ ስንጥቄን ላውራ? እንዴት አደርሽ ሲሉኝ እግዜር ይመስገን እላለሁ። እንዲያ ነው ያደግሁት። ወርዶ ቢዳስሰኝ እኮ እጁ ያገኘው ነበር።»

በማግስቱ ከእርጥብ ዝግባ ተቻኩለው የፈለጧት አዲስ ሳንቃ ተተከለች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እመት ጅግራ ትርፌን በክንፏ ሥር ሸጉጣ ሳለች ከጉብታው ላይ ድምፅ ሰማች።

«እመት ሳንቃ! እንዴት አደርሽ?»

«እግዜር ይመስገን!» አለች አዲሲቱ ሳንቃ። እሷም ያደገችው እንዲያ ነበር።

እመት ጅግራ ላባዋ ቆመ። ወደ ላይኛው መስክ ወጥታ የጠባቂዎችን አለቃ፣ ጎሹን፣ አገኘችው። ያመነዥካል። ሲያመነዥክ የሚያስብ ይመስላል።

«አለቃ፣ በትሩን ከዝንጀሮ ይቀበሉት። ጉብታው ላይ ያለው አሁንም እሱ ነው።»

«እመት ጅግራ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው» አለ ጎሹ። «ግን ነገሩ ዳኛ ፊት ቀርቧል። ዳኛ የያዘውን ነገር ብነካ ችሎት መድፈር ይሆንብኛል። ደግሞስ እኔ ከሥራው ካባረርሁት በኋላ ዳኛው ንጹሕ ነው ቢለው? የማን ፊት ሊጠቁር ነው?»

«የእርስዎማ ድሮም ጥቁር ነው፣ አለቃ።»

ጎሹ አልሳቀም።

«ታዲያ እስከዚያስ?» አለች።

«እስከዚያማ ጥፋተኛ አልተባለም። ጥፋተኛ ያልተባለ ጠባቂ ጥበቃውን ይቀጥላል። ደንብ ነው።»

ከዚያ ወደ ዳኛው ወደ ዝሆኑ ሄደች። ዝሆን የሚረሳው ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ። እውነት ነው፤ አይረሳም። ግን የሚያስታውሰውን ሁሉ በየተራው ነው የሚያየው። ችሎቱ ዋርካ ሥር ነበር። ከጎኑ ለዝንጀሮ የቆመለት ነገረ ፈጅ፣ ቀበሮ፣ ጅራቱን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ስድስት ልጆቼ ሞተዋል» አለች እመት ጅግራ።

«ጌታዬ ዳኛ፣» አለ ቀበሮ ቀልጠፍ ብሎ፣ «የደንበኛዬ ጀርባ አንድ ነው። አለቃው ሊገርፈው ይፈልጋል፤ እርስዎም ሊገርፉት ነው። ለአንድ ጥፋት ሁለት አለንጋ? የት አገር ታይቶ? አለቃው ከቀጣው ይበቃዋል። አለቃው እስኪጨርስ ይጠበቅልን።»

«አለቃውማ ዳኛውን እየጠበቀ ነው!» አለች እመት ጅግራ።

«እንግዲያው ሁሉም እየጠበቀ ነው» አለ ቀበሮ። «ትዕግሥት ያለበት አገር ነው።»

ዝሆኑ ኩምቢውን ወደ እሷ አዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ? አንዱን ጥፋት ሁለት ጊዜ መቅጣት ተገቢ ነው?»

እመት ጅግራ ትንሽ አሰበች።

«ጌታዬ፣ እኔ ሕግ አልተማርሁም። ግን ጥያቄው አንድ አይመስለኝም። ስድስቱ በማን ጥፋት ሞቱ የሚለው የእርስዎ ጥያቄ ነው። ነገ ጠዋት ሳንቃዋን ማን ይዳስሳል የሚለው የአለቃው ነው። የሞቱትን እርስዎ ይጠይቁልኝ፤ በሕይወት ያለችውን አለቃው ይጠብቅልኝ። እናንተ ግን ሁለታችሁም የዝንጀሮን ጀርባ ነው የምትቆጥሩት።»

«አለቃው ካባረረው በኋላ እኔ ንጹሕ ሆኖ ባገኘውስ? በከንቱ ከሥራው ወጣ ማለት አይደለም?»

«ንጹሕማ እኔም ነኝ፣ ጌታዬ። ግን ግድብ አልጠብቅም።»

ዳር የተቀመጡት ጥንቸሎች ሳቁ። ዝሆኑም ጆሮዎቹን አራገበ። «ደህና አድርገሽ ተናገርሽ» አለና ነገሩን ለሦስት ሳምንት ቀጠረው።

አንድ ሳምንት ዘነበ። ሁለተኛውም ሳምንት ዘነበ። በሦስተኛው ሳምንት እመት ጅግራ ከጎጆዋ ወደ ግድቡ ሄዳ ሳንቃዋ ሥር ቆመች።

«እንዴት ነሽ፣ ልጄ?»

«እግዜር ይመስገን፣ እናቴ።»

«ሰላምታውን ተይው። ተሰንጥቀሻል ወይ?»

ሳንቃዋ አፈረች። «ትንሽ» አለች። «ከታች በኩል። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው።»

እመት ጅግራ ወደ ጎሹ ሮጠች። «አለቃ! ሳንቃዋ ተሰንጥቃለች!»

ጎሹ አመነዠከ። «ጠባቂው ዛሬ ጠዋት ደህና ናት ብሏል። የምቀበለው የጠባቂን ቃል ነው። አንቺ ደግሞ እጅ የለሽም፤ በምን ዳሰስሻት?»

«በምንቃሬ።»

«ምንቃር ደንቡ ላይ የለም» አለ ጎሹ።

ወደ ችሎቱ ብትሄድም ቀጠሮው አልደረሰም ተባለች። የቀራት ጉብታው ብቻ ነበር። ወጣች። ልትሰድበው ነበር የወጣችው፤ ቃሉንም መንገድ ላይ እየደጋገመች አዘጋጅታዋለች። ስትደርስ ግን ዝንጀሮ ከስቶ፣ ጠጉሩ ተነቃቅሎ፣ በትሩን እንደ ሕመምተኛ ታቅፎ ተቀምጧል።

«አያ ዝንጀሮ፣» አለች፣ «ውረድና ዳስሳት።»

«አልችልም።»

«ጤዛው አስፈርቶህ?»

«ጤዛውንስ በወደድሁት። ቀበሮ ከልክሎኛል። ‹አሁን ወርደህ ከዳሰስሃት፣ ድሮ አትዳስስም ነበር ማለት ነው፤ ዳኛው ይይዝብሃል። ነገሩ እስኪያልቅ እንደ ወትሮህ ሁን› ብሎኛል።»

«እንግዲያው በትሩን ጣልና ሂድ! ሌላ ይተካ።»

«እሱንም ጠይቄዋለሁ። ‹ከጣልኸው ጥፋትህን አመንህ ማለት ነው› አለኝ።» ዝንጀሮ ቁልቁል ወደ ሣሩ አየ። «እመት ጅግራ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ከሁለቱ አንዱ መጥቶ ይህን በትር ቢቀበለኝ እግሩን እስም ነበር። እዚህ በተቀመጥሁ ቁጥር ስድስቱ በዓይኔ ላይ ይሄዳሉ። አለቃው ዳኛውን ይጠብቃል፣ ዳኛው አለቃውን ይጠብቃል፣ እኔ ሁለቱን እጠብቃለሁ።»

«ሳንቃዋንስ?» አለች እመት ጅግራ።

ዝንጀሮ በትሩን ይበልጥ አጥብቆ ታቀፈ። ያዘጋጀችው ስድብ አፏ ውስጥ ቀረ፤ ተመልሳ ወረደች።

ከዚያን ሰዓት ጀምሮ በምንቃሯ ጭቃ እየተሸከመች ስንጥቁን መምረግ ያዘች። ትርፌም ከኋላ ከኋላዋ እየተንደረደረች የአቅሟን ትሸከማለች፤ የአቅሟም አንዲት ፍሬ የምታህል ጭቃ ነበረች።

በመጀመሪያው ቀን ውሃው ጭቃውን ገፋው።

«እናቴ፣ ያዘ?» አለች ትርፌ።

«ይይዛል» አለች እመት ጅግራ፤ እንደገና መረገች።

በሁለተኛው ቀን ውሃው ጭቃውን አጠበው።

«እናቴ፣ ያዘ?»

«ይይዛል፣ ልጄ። ጨምሪ።»

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከጉብታው ላይ ድምፅ ተሰማ። «እመት ሳንቃ! እንዴት አደርሽ?» ድምፁ የሚያለቅስ ይመስል ነበር።

«እግዜር ይመስ...» አለች ሳንቃዋ፤ ሳትጨርሰው ተሰበረች።

ጅግራ በደነገጠች ጊዜ ሳታስብ ብድግ ብላ ትበራለች። እመት ጅግራም በረረች። ትርፌ ክንፏ ገና አልጠናም ነበር።

ውሃው ከጎደለ በኋላ የሆነውን ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ለሳምንታት መንቀሳቀስ ያቃተው ሁሉ በአንድ ቀን ተነሣ። ዝሆኑ ቀጠሮውን አልጠበቀም፤ ጎሹ ዳኛውን አልጠበቀም። ሣሩ ጭቃ ስለሆነ ትላልቆቹ እግራቸው እንዳይበላሽ ችሎቱ ጉብታው ላይ ተቀመጠ። ትንንሾቹ ከታች ጭቃው ውስጥ ቆመው አንጋጥጠው ሰሙ።

መጀመሪያ ጎሹ ተነሣ። በትሩን ከዝንጀሮ እጅ ተቀብሎ ከእንግዲህ ጠባቂ አይደለህም አለው። ቀጥሎ ዝሆኑ ተነሣ። ሰባት ክረምት በድንጋይ ዋሻ እንዲታሰር ፈረደበት።

«ጌታዬ! ለአንድ ጥፋት ሁለት አለንጋ!» ብሎ ቀበሮ ጮኸ።

«ጥያቄው እኮ ሁለት ነው» አለ ዝሆኑ በከበረ ድምፅ። «በማን ጥፋት ሞቱ የሚለው የእኔ ነው፤ ሳንቃዋን ማን ይዳስሳል የሚለው የአለቃው ነው። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ከዛሬ ጀምሮ ሕግ ይሁን።» ይህን ከማን እንደሰማው አላነሣም። ጎሹም «እንዴት ያለ ጥበብ ነው!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሕጉ በዋርካው ልጥ ላይ ተጻፈ። እስካሁን አለ ይባላል፤ ያማረ ጽሕፈት ነው።

ዝንጀሮ አንገቱን ደፍቶ ወደ ዋሻው ሄደ። በእመት ጅግራ አጠገብ ሲያልፍ ቆመ፤ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ዳሰሰና አለፈ። እዚያ ሥፍራ መሬት ሲነካ ያዩት ከላይ መጣራት ከጀመረ ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዝሆኑ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር ትዝ አለው፤ መቼም አይረሳም። ከጉብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ተጣራ።

«እመት ጅግራ! እንግዲህ እንዴት ነሽ?»

እመት ጅግራ ጭቃው ውስጥ ቆማለች። ምንቃሯ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ቀና ብላ ጎሹን አየች፤ ዝሆኑን አየች፤ እሷን ለመስማት ጎንበስ ያለ አልነበረም።

«እግዜር ይመስገን» አለች።

«ደህና ናት» አለ ዝሆኑ። የችሎቱ ጸሐፊ ኤሊም «ደህና ናት» ብሎ ጻፈ፤ ነገሩ ተዘጋ። ሁሉም ወደ ላይኛው መስክ ተመለሰ። ወደ ታች የወረደ አልነበረም።

የእኔም ተረት እዚህ ላይ ቆመች፤ የሰማችኋትን ይዛችሁ ግቡ። ቅጣቱ አንድም ይሁን ሁለት፣ ከውሃው ኋላ የሚደርስ ፍርድ ጠባቂውን ያስራል፤ ጫጩቲቱን ግን አይመልስም።