አውራ ጣት ያህል ዝገት

የባለቤቴ የደባልቄ መርዶ በደረሰኝ ቀን ወንድሙ መኳንንት ከለቅሶው ተነሥቶ አሮጌውን ጎራዴ ከግድግዳው አወረደና፣ አመድና ሎሚ ይዞ ወደ ቀይ ውሃ ምንጭ ሄደ። ባሌን በድንበር ጠብ የገደለው ሰው ከወንዙ ማዶ ነበርና፣ ለምን እንደሚወለውለው ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

የዚያ ምንጭ ስም የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በድሮ ዘመን ይርገዱ የምትባል ሴት ባሏ ሲገደል፣ ገዳዩ ጥሎት የሸሸውን ጎራዴ የባሏ ደም አለበት ብላ ሳትጠርገው በሰገባው አኖረችው። ልጇ አንዳርጌ አድጎ ቢመዝዘው ዝገት በልቶታል። ምንጩ ዳር ተቀምጦ ሲፈገፍገው ውሃው ቀልቶ ወረደ፤ ቀይ ውሃ የተባለውም ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። እናቱ ግን ብረቱ እየነጣ በሄደ ቁጥር ትሰጋ ነበር፤ ወልውሎ ሲጨርስ እንደሚሄድ፣ ከሄደም ወይ ገድሎ ወይ ሞቶ እንደሚቀር ታውቃለችና።

«እንደ ሙሽራ አሳመርከው እኮ» አለችው።

«ታዲያ አባቴን የገደለው ዘንድ በዛገ ብረት ልሂድ?»

«እጀታው ሥር አውራ ጣት ያህል ተውልኝ። የአባትህ ደም ነው፤ እሱንም ካጠብከው ምን ይዤ ላልቅስ?»

ይህን እምቢ ማለት አልሆነለትም። ክረምት ነበርና ቀኑን ሙሉ በዝናብ ተጓዘ፤ ሰገባው ረጠበ፣ የቀረችውም ዝገት ውሃ ጠጥታ ከቆዳው ጋር ተጣበቀች። ያረጀውን ገዳይ ደጁ ላይ አግኝቶ ቢስብ ጎራዴው አልወጣም፤ ሰገባውን በእግሩ ረግጦ ቢጎትትም አልወጣ አለ። ሽማግሌው መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ «ልጄ፣ የያዘህ የአባትህ እጅ ነው» አለው ይባላል። አንዳርጌ እዚያው ቆሞ አለቀሰ፤ ኋላም አስታራቂ ገብቶ ደሙ ደረቀ። ይርገዱ ይህ እንደሚሆን አውቃ ነው የሚሉ አሉ፤ ለልቅሶዋ ብቻ ነው የሚሉም አሉ።

ከዚያ ወዲህ በአገራችን የዛገ ስለት የሚወለውል ሁሉ እጀታው ሥር አውራ ጣት ያህል ዝገት ይተዋል።

እኔም የዚያን ቀን ነጠላዬን እየጎተትኩ ወረድኩ። ምንጩ ቀልቷል። መኳንንት እጀታውን በጭብጡ ይዟል፤ ከጭብጡ ሥር ያለው አይታየኝም። መጠየቅ ፈራሁ።

«እትዬ፣ ምን ታይኛለሽ?» አለና እጁን አነሣ። «ትቼዋለሁ።»

መኳንንት ወንዙን አልተሻገረም፤ ጎራዴው ዛሬም በሰገባው እንደተከተተ ከግድግዳው ላይ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር እየተነሣሁ እስበዋለሁ፤ አይወጣም። ይህን ያነበባችሁ፣ ደባልቄን ነፍስ ይማር በሉልኝ።