ለሁለት ጠላቂ አንድ መለኪያ

በአንድ የወደብ ከተማ ሁመድና ኢድሪስ የሚባሉ ሁለት ጠላቂዎች ይኖሩ ነበር። የአየር ሲሊንደር አዝለው ባሕር ውስጥ እየገቡ የተጠላለፈ መረብ ይፈታሉ፣ ተቆርጦ የቀረ መልህቅ ያወጣሉ። በዚያች ከተማ አንድ የቆየ ልማድ አለ። አብረው የሚጠልቁ ሁለት ሰዎች የሥራ ዕቃ አይለዩም። "ይሄ የኔ፣ ያ ያንተ" ያለ ጠላቂ ጓደኛውን እንዳላመነ ይቆጠራል። ልማዱ ደግ ነው፤ ደግ ልማድ ግን ለሁሉም ነገር አይሆንም።

ሁለቱ ለዓመታት የሠሩት በአንድ አሮጌ ባለ መርፌ የጥልቀት መለኪያ ነው። ሥራቸው ወደ ጥልቁ እየራቀ ሲሄድ የጠላቂ ኮምፒውተር ለመግዛት አሰቡ። እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰር፣ ጥልቀቱንም ከታች መቆየት የሚቻልበትንም ጊዜ እያሰላ የሚያሳይ ዕቃ ነው። ስሌቱ ቀልድ አይደለም። ጠላቂ ከታች ሲተነፍስ አየሩ ወደ ደሙ ይሰርጋል። ብዙ ቆይቶ ቶሎ ከወጣ፣ ድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ደሙ ውስጥ አረፋ ይነሳል። አረፋው እግር ያሽመደምዳል፤ አንዳንዴም ይገድላል።

የጠላቂ ዕቃ የሚሸጡት ዘህራ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ ባላቸውም ጠላቂ ነበር። ሁለት ምርጫ አቀረቡላቸው። አንደኛው ሰፊና ባለ ቀለም፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ኮምፒውተር ነው። በዚያው ዋጋ ደግሞ ጥልቀትና የቀረ ጊዜ ብቻ የሚያሳዩ ሁለት ትንንሽ ደብዛዛ ኮምፒውተሮች ይገኛሉ። ጓደኛሞቹ ሳያመነቱ ትልቁን አነሱ።

"ባለ መርፌው ያላችሁበትን ይነግራችኋል" አሏቸው ዘህራ። "ይሄኛው የነበራችሁበትንም ያስታውሳል። የሚያስታውሰው ግን የታሰረበትን ሰው ብቻ ነው።"

"እኛ እኮ አንድ ነን፣ እማማ" አለ ኢድሪስ። "አብረን እንወርዳለን፣ አብረን እንወጣለን። ለሁለታችን አንድ ይበቃናል።"

ባልቴቷ ፈገግ ብለው ጠቀለሉላቸው። ስለ ጓደኝነቱ የሚናገርን ሰው ምን ብለው ይከራከሩታል?

ኮምፒውተሩን ኢድሪስ አሰረው። ሁመድ ከጎኑ እየዋኘ ቁጥሩን በጓደኛው ክንድ ላይ ያነባል። ለብዙ ጊዜ ምንም ክፉ ነገር አልገጠማቸውም፤ ከተማውም በመዋደዳቸው ይቀናባቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኢድሪስ የታመመች እህቱን ሊጠይቅ ሄደ፤ ኮምፒውተሩም እጁ ላይ እንደታሰረ አብሮት ሄደ። እሱ በሌለበት አንድ ዓሣ አጥማጅ ሁመድ ዘንድ መጥቶ መረቡን ከታች ዐለት እንደያዘበት፣ ልጆቹም የሚበሉት በዚያ መረብ እንደሆነ እየነገረ ለመነው። ሁመድ እምቢ ማለት አያውቅበትም። አሮጌውን ባለ መርፌ ይዞ ብቻውን ወረደ። መረቡ እንዳሰበው በቀላሉ አልተፈታም፤ ከታች ብዙ ቆየ። ሲወጣ ግን ምንም አልተሰማውም።

ከሰዓት በኋላ የአንድ መርከብ መልህቅ ሊያወጡ ቀጠሮ ነበራቸው። ኢድሪስ በሰዓቱ ደረሰ። ሁመድ የጠዋቱን ሊነግረው አሰበና ተወው። ብቻዬን ወረድኩ ቢለው ይቀየመዋል። ዛሬ ይቅርብኝ ቢል የጓደኛውም እንጀራ አብሮ ይቀራል፤ ካፒቴኑም ዘገያችሁ እያለ እየተነጫነጨ ነው። ይሉኝታ ያዘው። ይሉኝታ እኮ ከባሕር በላይ ሰው ያሰጥማል። ሲሊንደሩን አዘለ።

ከታች ኮምፒውተሩ ገና ብዙ ጊዜ እንዳላቸው አሳየ። ሁመድ ሰውነቱ ከብዶት ነበር፤ ቁጥሩ ግን ቆይ ይላል፣ እሱም ቆየ። መውጣት ያለባቸው ሰዓት ሲደርስ ኮምፒውተሩ ባዘዘው ፍጥነት አብረው ወጡ። ጀልባው ላይ ሁመድ የሲሊንደሩን ማሰሪያ ሊፈታ ሲል ትከሻውን አመመው። ትንሽ ቆይቶ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ በከተማዋ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ሕመም የሚያክሙበት የግፊት ክፍል ነበር። ሁመድን እዚያ የብረት ክፍል ውስጥ አስተኝተው በሩን ዘጉት። ኢድሪስ በትንሿ መስኮት እያየው የሆነውን ማመን አቃተው። ኮምፒውተሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ከውስጥ ጋር በሚያገናኘው ስልክ "ይኸው እይ፣ ጊዜ ነበረን እኮ ይላል" አለው።

ሁመድ ቁጥሩን አየና የጠዋቱን መረብ ነገረው። ከዚያም "አልዋሸም" አለ። "ጊዜ የነበረው ላንተ ነው፣ ወንድሜ። የኔን ጠዋት አያውቅም።"

ኢድሪስ አለቀሰ። ያስለቀሰው የጓደኛው እግር ብቻ አልነበረም። ወንድሜ የሚለውን ሰው ውሎውን እንኳ ሳይጠይቅ ባሕር ውስጥ ይዞት እንደገባ ገብቶት ነው።

የሁመድ እግሮች ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ግራው ግን ትንሽ ይጎተታል። ከብዙ ወራት በኋላ ሐኪሙ እየፈራ፣ እያስጠነቀቀም እንደገና እንዲጠልቅ ፈቀደለት። ኢድሪስ ትልቁን ኮምፒውተር ለዘህራ መልሶ ሁለቱን ደብዛዞች አመጣ። አንዱን በራሱ፣ አንዱን በሁመድ ክንድ ላይ አሰረ። የከተማው ጠላቂዎች ዕቃ ከለዩማ ፍቅራቸው አልቋል እያሉ አሽሟጠጡ።

አሽሟጣጮቹ ከታች የሚሆነውን አላዩም። ሁለቱ አንድ የሰመጠ የጀልባ ሞተር ሊያወጡ ወርደው፣ ገመዱን አስረው ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የሁመድ ጊዜ አለቀ። ለተጎዳው ሰውነቱ ተብሎ ጠበቅ ተደርጎ የተስተካከለ ስለነበር ቶሎ ያልቃል። የኢድሪስ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ሁመድ፣ እኔ ልውጣ፣ አንተ ጨርስ ብሎ በእጁ አመለከተው። ኢድሪስ ገመዱን ለቀቀና የጓደኛውን ክንድ ይዞ አብሮት ወጣ። ሞተሩ እዚያው አደረ።

ወዳጄ፣ መዋደድ በአንድ መለኪያ መለካት እየመሰለን ስንቱን ጎድተናል። እሱ ችሎታልና አንተም ቻል እንላለን። እሷ ከሐዘኗ ተነስታለችና አንቺም ተነሺ እንላለን። ሰው ካልተናገረ፣ ካልተጠየቀም፣ ጠዋቱን ማን ያውቅለታል? ስለዚህ የራስህን መለኪያ ምረጥ፤ ያለፍክበትንም ሳታፍር ተናገር። የጓደኛህ ጊዜ ካለቀ ደግሞ፣ ያንተ ገና ቢሆንም፣ አብረኸው ውጣ። ፍቅር የሚባለው እሱ ነው።

ዛሬ ከጎንህ ያለውን ሰው፣ ጠዋት የት ነበርክ ብለህ ጠይቀኸዋል?